ፍጻሜው የታወቀ ታሪክ

የከተማይቱ ስም ራሱ የታሪኩን መጨረሻ ይናገራል። ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ ቆላ የወረደ መንገደኛ፣ ገንዳ ውኃን አልፎ ከሱዳን ወሰን ሲደርስ የሚያገኛት ከተማ መተማ ዮሐንስ ትባላለች፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የሞት ቁስል የቈሰሉባት ምድር ናትና። ንጉሡ መውደቃቸውን ሳያውቅ ይህን ታሪክ ለመስማት የሚቀመጥ ሰው ከቶ አይገኝም። ያም ሆኖ ትረካው በተጀመረ ቁጥር አድማጭ ትንፋሹን ይውጣል። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ዘመን የሚሻገረው በምን ኀይል ነው ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

የዚህ ዓይነቱ ፊልም ኀይል ምስጢርን እስከ መጨረሻው መደበቅ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሂችኮክ ግን እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ሰፊ ቃለ ምልልስ ድንጋጤንና ጭንቀትን ለይቶ አስረድቷል። ሰዎች በሚያወጉበት ጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ፣ ተመልካች ለጥቂት ሰኮንድ ይደነግጣል። ቦምቡ መኖሩን ተመልካች አስቀድሞ ዐውቆ አውጊዎቹ ባያውቁ ግን፣ ያ ተራ ወግ በየቃሉ ያስጨንቀዋል።

የመተማ ታሪክ አድማጩን የሚይዘው በዚሁ ስልት ነው። ሠራዊቱ የእሾህ አጥሩን ጥሶ ገብቷል፤ ድሉ የእጁ ይመስላል። በዚህ መካከል ጥይት ንጉሡን ያገኛቸዋል። ወሬው ከአጠገባቸው ካሉት ተነሥቶ ሩቅ ወዳለው ጦር እስኪደርስ ድረስ፣ የሚዋጋው ወታደር የማያውቀውን አድማጩ ያውቃል። ጥሩ ተራኪ እዚህ ላይ አይቸኩልም። ከዚያ በኋላ ያለው፣ የጦሩ መፈታት፣ አስከሬኑ አትባራ ወንዝ አጠገብ መማረኩ፣ የንጉሡ ራስ ወደ ኦምዱርማን መወሰዱ፣ በሐዘን ይደመጣል እንጂ ልብ አያንጠለጥልም።

ሰሊጥ ጭኖ ከዚያ ቆላ ወደ ጎንደር ዳገቱን የሚወጣ ሾፌር ያለ አስተርጓሚ የሚገባው ፊልም አለ። ይኸውም የፈረንሳዊው አንሪ ዦርዥ ክሉዞ «የፍርሃት ደመወዝ» ነው (እ.ኤ.አ. 1953)። በአንዲት መውጫ በሌላት የበረሃ ከተማ የተጣሉ አራት ሥራ ፈቶች፣ የሚነደውን የነዳጅ ጉድጓድ ለማጥፋት የሚያስፈልገውን ናይትሮግሊሰሪን በሁለት የጭነት መኪና እንዲያደርሱ ይቀጠራሉ። ጭነቱ በትንሽ መናጥ እንደሚፈነዳ ተመልካችም ሾፌሮቹም ከመነሻው ያውቃሉ። መኪናዎቹ ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ግን ፊልሙ አንድ ሰዓት ያህል በሙቀት፣ በአቧራና በሥራ ጥበቃ ይቆያል። አንዳንድ ተቺ ይህን ክፍል ረዘመ ይለዋል፤ በአጨዳ ወራት የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ መተማና ወደ ቋራ የሚወርደውን ሰው ያየ ተመልካች ግን አይለውም። ሰው ለምን በሞት ላይ እንደሚቀመጥ ካልታወቀ፣ መሪው ሲዞር ማን ይጨነቃል?

የሚጠበቀው ፍንዳታ ሲደርስ ደግሞ በታላቅ እሳት አይጀምርም። በኋለኛው መኪና ያለው ጆ ሲጋራ እየጠቀለለ ሳለ ትምባሆው ከወረቀቱ ላይ ብን ብሎ ይጠፋል። ፊት የሄደው መኪና ከነሰዎቹ ማለቁን ተመልካች የሚረዳው ከዚያች የትምባሆ ብናኝ ነው። ፊልሙን ለአምስተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው ወረቀቷን ገና ስትወጣ ያውቃታል፤ ጭንቀቱም ከፊተኛው ይብሳል። በየደቂቃው ሙዚቃ እያስጮኸ፣ በየትዕይንቱ አዲስ ከዳተኛ እየፈለፈለ ተመልካቹን የሚያስደነግጥ ፊልም ሁለተኛ የማይታየው፣ ከምስጢሩ በቀር የሚሰጠው ስለሌለ ነው።

የመተማን ውጊያ ለፊልም የሚያስብ ዳይሬክተር እንግዲህ ፍጻሜውን የሚደብቅበት መንገድ የለውም፤ መደበቅም አያሻው። ካሜራውን የሚተክልበት ስፍራ ከቈሰሉት ንጉሥ ራቅ ብሎ ነው፤ ከተጣሰው የእሾህ አጥር ውስጥ፣ ወሬው ገና ካልደረሰውና ጓደኞቹን «በርቱ!» እያለ ወደ ፊት ከሚገፋው ተራ ወታደር አጠገብ።