«ጎሽ» ለማለት የዘገየ አፍ



ዛሬ የምናካፍላችሁ ከውሻ የተማርነውን ነው። ፈገግ የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም ሃምሳ ዓመት አልፎን፣ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ጨርሰን፣ ስንት ዓመት መድረክ ላይ ቆመን ስናበቃ ቡችላ ይገሥጸናል ብለን አላሰብንም ነበር።

ውሻው ሰሚት ወዳለው ቤታችን የገባው የመጨረሻው ልጃችን ለምኖ ለምኖ ነው። ነጭ፣ ጸጉራም፣ ከአምስት ኪሎ የማይበልጥ ነገር ነው። በአባቶቻችን ዘመን የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነበርና እኛም «መቻል» አልነው። ከመቻል ግን የራቀ ሆነ። በሩ ሲንኳኳ ይጮኻል። ቁራሌው ሲያልፍ ይጮኻል። ቦሌ ሊያርፍ የሚወርድ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ እንኳ ወደ ሰማይ ይጮኻል። ሰው ከገባ ደግሞ ደስታው ልክ የለውም፤ ዘሎ ደረት ላይ ነው።

አንድ ረቡዕ ምሽት ለቤት ለቤት ኅብረታችን የመጡ አንዲት አረጋዊት እናት ላይ ዘለለ። ነጠላቸውን ያዘው፤ ተደናቅፈው በሩን ባይደገፉ ይወድቁ ነበር። በቀጣዮቹ ሁለት ረቡዕ አልመጡም። ስንደውል «ጉልበቴን አሞኝ ነው» አሉን። ጉልበታቸው እንዳልሆነ ገባን። ጌታን ለማመስገን ወደ ቤታችን የሚመጡትን እናት የራሳችን ውሻ አስቀረብን።

የምናውቀውን አደረግን። «ተው!» «ዝም በል!» «ውጣ!» አልን። ነጠላ ጫማም አነሣን። ጫማው ሲነሣ ሶፋ ሥር ገብቶ ይሸናል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ያው ነው። የእኛ ጩኸት አብረነው የምንጮህ ሳይመስለው አልቀረም።

ይህን ያየች፣ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣች የእህታችን ልጅ አውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠችን። ሲጫኗት «ቀጭ» ትላለች፤ ክሊከር ይሏታል። እርሷን ያላገኘ ሰው ጀርባው ሲጫኑት ቀጭ የሚል እስክሪብቶም ይበቃዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን ውሻው ምንም አይጠየቅም። ቀጭ ይደረጋል፤ ወዲያው ሽምብራ የምታህል ቁራሽ ይሰጠዋል። ይህ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ሲደጋገም ድምፁ ለእርሱ «ምግብ መጣ» ማለት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ትክክል ባደረገባት ቅጽበት ቀጭ ይደረጋል፤ ቁራሹ ይከተላል። ቃል የተገባ ነገር ነውና በስሕተት ብንጫነው እንኳ መስጠት አለብን። እኛ ሳንባ ቀቅለን በትንንሹ እንቆራርጥ ነበር፤ በጾም ሰሞን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ እንቁላል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሥነ ልቦናው ሊቅ የስኪነር ተማሪዎች የነበሩ ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ የተባሉ ባልና ሚስት እንስሳትን በዚህ መንገድ ማሠልጠን ጀመሩ። ኋላ ካረን ፕራየር የተባለች የዶልፊን አሠልጣኝ በውሻ ባለቤቶች ዘንድ አስፋፋችው። ዶልፊንን በገመድ አይጎትቱትም፤ በዱላም አይደርሱበትም። ደስ ብሎት ካልመጣ ዋኝቶ ይሄዳል።

በከተማችንም ይህ ድምፅ ሥራ ላይ ነው። አፖፖ የተባለው ድርጅት በታንዛኒያ ሞሮጎሮ ግዙፍ የአፍሪካ አይጦችን በክሊከር እያስተማረ የሳንባ ነቀርሳን በአክታ ውስጥ በሽታ እንዲለዩ ያሠለጥናል። እዚህ አዲስ አበባም ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር በዚሁ ሥራ ላይ ተሰማርቷል። አይጥ! ሁላችን በመጥረጊያ የምናባርራት ፍጥረት፣ ትክክለኛዋን ቅጽበት የሚጠብቅላት ሰው ስታገኝ ሰው ለማዳን ትረዳለች።

ሥልጠናው ግን ከውሻው በፊት እኛን ፈተነን። መቻል እየዘለለ ሳለ አራቱም እግሮቹ መሬት የሚነኩባት ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ አትበልጥም። ቀጭ መባል ያለበት ያኔ ነው። ዓይናችን ይህን አልለመደም። ስሕተትን ከሩቅ እናያለን፤ መልካሙን የምናየው ካለፈ በኋላ ነው። ዘግይተን ስንጫን እርሱ ዳግም አየር ላይ ነው፤ ስለዚህ መዝለሉን መረቅንለት ማለት ነው።

ልጃችን እንግዳ ሆኖ ከውጭ ያንኳኳል። መቻል ከዘለለ «እንግዳው» ጀርባውን ሰጥቶ ዝም ይላል። መሬት ከቆመ፣ ቀጭ። ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ። አንዱ የቤት ሰው ሲከለክል ሌላው እየሳቀ ሲያቅፈው ውሻው ግራ ስለሚጋባ ቤቱ ሁሉ በአንድ ሕግ መሄድ ነበረበት።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ማታ በሩ ተንኳኳ፤ መቻል ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እኛ ባልና ሚስት በደስታ «ጎሽ! ጎሽ የኛ ልጅ!» አልን። በሩን ከፍቶ የገባው ልጃችን ቆም አለ። ሳይቆጣ፣ «አባዬ፣ እኔን ለመጨረሻ ጊዜ ጎሽ ያላችሁኝ መቼ ነው?» አለ።

መልስ ፈለግን። ጠፋ። ፊዚክስ 78 ሲያመጣ የጠየቅነው ስለ 22ቱ ነበር። ለመዘምራን ጊታር ሲመታ የነገርነው ድምፁ እንደበዛ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10 ሲገባ የተነጋገርነው ስለ 10ሩ ደቂቃ ነው። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ። ለዓመታት ወንበር የሚደረድረውን ወንድም በስሙ ጠርተን ያነጋገርነው ወንበር የጎደለ ዕለት ብቻ ነው። ለካ በእጃችን ክሊከር ባይኖርም የአማርኛው «ጎሽ» ከልጅነታችን ጀምሮ በአፋችን ነበር። ዝገት ይዞት ኖሯል።

ወገኖች፣ ልብ እንበል፤ እግዚአብሔር እንደ ውሻ አሠልጣኝ አይደለም። መልካም ስንሠራ ቁራሽ እየጣለ፣ ስንወድቅ እጁን የሚሰበስብ አምላክ የለንም። ማቴዎስ ምዕራፍ 3ን እንደገና አንብቡት። ጌታ ኢየሱስ ከዮርዳኖስ ሲወጣ በተራራው ላይ ገና አላስተማረም፤ አንድ በሽተኛ እንደ ፈወሰ ገና አልተጻፈልንም። አብ ግን ልጁ የተወደደና ደስ የሚያሰኘው እንደ ሆነ ከሰማይ ተናገረ። ቃሉ ከሥራው ቀደመ። በክርስቶስ ያለን ሁላችን ከዚህ ድምፅ ሥር ገብተናል። እኛ ግን ይህን እየሰበክን ልጃችን ፍቅራችንን በውጤት እንዲገዛ አድርገን ነበር።

ተግሣጽ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። የቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን መከፋፈል፣ ክስ፣ በጌታ ራት ላይ ሥርዓት ማጣት ነበረባት፤ ጳውሎስም ገሠጻት። ደብዳቤውን የጀመረው ግን ስለ እነርሱ እግዚአብሔርን በማመስገን ነው። ያው ሐዋርያ በቆላስይስ ምዕራፍ 3 አባቶች ልጆቻቸውን አስመርረው ልባቸውን እንዳይሰብሩ ያስጠነቅቃል። ለሌሎች ብዙ ጊዜ ሰብከንበታል።

ልጃችንን ይቅርታ ጠየቅነው። በእኛ አገር አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ ከባድ ነው፤ አንገት ያስደፋል። እርሱም «እሺ» ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። እንባ የለ፣ መተቃቀፍ የለ። ልጅም ካደገ በኋላ በገመድ አይጎተትም። ከዚያ ወዲህ ሳንተኛ በፊት «ዛሬ ምን መልካም አየንበት? ነገርነውስ?» ብለን እርስ በርሳችን እንጠያየቃለን። አንዳንድ ቀን ዘግይተን እናገኘዋለን። እርሱም በቅርቡ ከእራት በኋላ ከገበታው ቶሎ መነሣት ትቷል። እኛም ምክንያቱን አልጠየቅነውም፤ ሻይ ብቻ እንጨምርለታለን።

እናታችንም ተመልሰዋል። መቻል ቁጭ ብሎ ሲጠብቃቸው አይተው «ይሄ ደግሞ ጌታን አገኘ እንዴ?» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ከአባትህ አንድ «ጎሽ» ሳትሰማ ያደግህ ወንድም፣ ያደግሽ እህት፣ እግዚአብሔርንም ጥፋት ብቻ የሚቆጥር አድርጋችሁ እንዳታስቡት እንለምናችኋለን። በልጁ በኩል ኑ፤ የሚጠብቃችሁ የአባት ድምፅ ነው። እናንተም ወላጆችና መሪዎች፣ ዛሬ ማታ ሳይመሽ አንድ ሰው ያደረገውን አንድ መልካም ነገር እዩና ንገሩት።

አባት ሆይ፣ ሳንሠራ በልጅህ ተቀብለኸናል። ስሕተት ለማየት የፈጠነውን ዓይናችንን ፈውስ፤ ለምስጋና የዘገየውን አፋችንን ክፈት። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።