ግንዱ የማይበሰብስበት ተራራ

አንባቢ ሆይ፤ በአሜሪካ የፔንሲልቫንያን ክፍለ ሀገር ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ፥ የሊሃይ ወንዝ «ሰማያዊ ተራራ» የተባለውን ረጅም ሰንሰለት ሰንጥቆ ከሚያልፍበት በር ይደርሳሉ። በበሩ አጠገብ ፓልመርተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟንም ያገኘችው ከዚንክ ኩባንያው ፕሬዚዳንት ከስቲፈን ፓልመር ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1898 እስከ 1980 ድረስ በዚህ ስፍራ ዚንክ ሲቀለጥ ኖረ። ከጭስ ማውጫዎቹ የወጣው ብናኝ ዚንክ፥ ካድሚየምና እርሳስ ተሸክሞ በተራራው ላይ ወረደ፤ ድኝ ያለበትም ጭስ ታከለበት። ዛፎቹ ደረቁ፤ ዝናቡ አፈሩን አጠበው፤ ድንጋዩ አገጠጠ።

ይሁን እንጂ ከድንጋዩ ይልቅ የሚያስገርመው የወደቀው ግንድና ቅጠል ነው። ግንዱ ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ ተጋድሞ ቆየ፤ በቀረው ጫካም ቅጠሉ በዛፉ ሥር እየተነባበረ ተከማቸ። ይህ ስለ ምን ሆነ ቢሉ፥ ምክንያቱ በዓይን አይታይም።

በጓሮ የተከመረ ፍግ ጥቂት ወራት ቆይቶ አፈር እንደሚሆን ያውቃሉ። ይህን ሥራ የሚሠሩት ባክቴሪያና ሻጋታ ናቸው፤ የወደቀውን ሁሉ እየሰባበሩ መልሰው ለሥር ምግብ ያደርጉታል። ዚንክም በጥቂቱ ሲሆን ለእነርሱ ያስፈልጋቸዋል፤ ሲበዛ ግን ምግብ የሚያብላሉበትን ኢንዛይም ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። በ1970ዎቹ የተመራመሩ ሊቃውንት፥ ከማቅለጫው አንድ ኪሎ ሜትር ባልራቀ ስፍራ በቅጠሉ ንጣፍ ውስጥ ከመቶው እስከ 13 እጅ የሚደርስ ዚንክ አገኙ። በዚያ አፈር የባክቴሪያውም የሻጋታውም ቍጥር እጅግ አንሶ ነበር፤ ከተረፉትም መካከል ዚንክን መቋቋም የለመዱ ተገኝተዋል። ሠራተኞቹ ስላነሱ የጫካው ምግብ በደረቀው ቅጠል ውስጥ ተቆልፎ ቀረ።

በ1983 መንግሥት ስፍራውን መጽዳት ከሚገባቸው የተበከሉ ቦታዎች መዝገብ አገባው። ነገር ግን ብረት እንደ ቅጠል በስብሶ አይጠፋም። ስለዚህ ችግኝ ብቻ መትከል አይበቃም፤ አስቀድሞ አፈሩን ማዳን ያስፈልጋል። ኖራ ሲጨመርበት የአፈሩ ኮምጣጣነት ይቀንሳል፥ ብረቱም በውሃ እንደ ልብ አይሟሟም። ብስባሽ ሲጨመርበት ደግሞ ረቂቃኑ ነፍሳት የሚበሉትን ያገኛሉ። በ2003 በወንዙ በር አጠገብ የሣር ሙከራ ተጀመረ፤ የተመረጠውም ብረቱን ወደ ቅጠሉ ብዙ የማያወጣ የሣር ዓይነት ነው።

ዛሬ ከወንዙ ዳር ተነሥተው ሽቅብ ቢወጡ፥ በተራቆተው ድንጋይ መካከል ሣር በነፋስ ሲወዛወዝ ያያሉ። ያን ጊዜ ጎንበስ ብለው ከሣሩ ሥር ይመልከቱ፤ ያለፈው ዓመት ቅጠል ጠቍሮና ፈራርሶ ካገኙት፥ እነዚያ የማይታዩት ሠራተኞች ወደ ሥራቸው መመለስ ጀምረዋል ማለት ነው።