ድንጋዩ ሥር ያለው ምስክር



ነጃሳ የገባበት ውሃ ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ከተለወጠ ውዱእ እንደማይደረግበት በደርሳችን ተምረናል። ባለፈው የእረፍት ቀን ግን ከኮምቦልቻ ወጣ ብለን ወደ ቦርከና በሚገባ አንድ ጅረት ዳር ስንቆም፣ ጥርት ብሎ የሚፈስ፣ ምንም የማይሸት ውሃ አየን። ችግሩ ከድንጋዩ ሥር ነበር።

የያዝነው ወንፊትና ነጭ ሳፋ ነው። ከሽንኩርት ማሳዎቹ በላይ ድንጋይ ስንገለብጥ ሜይፍላይ የሚባለው ባለ ሦስት ጭራ እጭና ከአሸዋ ቤቱን የሚሠራው ካዲስፍላይ ሞልተዋል። ከማሳዎቹ በታች ግን ቀንድ አውጣና ትል ብቻ ቀርቷል። ስንወጣ ጥፋቱን ፋብሪካ ላይ ልንጥል ነበር ሐሳባችን፤ እዚያ ግን ፋብሪካ የለም።

የተባይ ማጥፊያ በአብዛኛው የነፍሳትን ነርቭ ይመታል፤ የማሳውን ተባይ ከውሃው እጭ አይለይም። ዝናብ ሲዘንብ ታጥቦ ጅረት ይገባል፣ በሰዓታት ውስጥም ያልፋል። በማግስቱ በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ ምንም ላያሳይ ይችላል። እጮቹ ግን ለወራት እዚያው ስለሚኖሩ ያለፈውን ይመሰክራሉ። በጀርመን ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው «ስፒር» የተባለ መለኪያ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ለሀገራችን ደጋማ ጅረቶችም «ኢትባዮስ» የሚባል በነፍሳትና በሌሎች የውሃ ፍጥረታት ላይ የተመሠረተ የነጥብ አሰጣጥ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የእጮቹ መጥፋት ብቻውን የኬሚካሉን ስም አይነግረንም፤ የት መመርመር እንዳለበት ግን ይጠቁማል።

ስንመለስ አንዱ ወንድማችን ዝም አለ። ኋላ ላይ «አባቴ መድኃኒት ረጭቶ ሲጨርስ መርጫውን ጅረት ውስጥ የማጥበው እኔ ነበርኩ» አለን። ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነንና እኛም ዝም አልን። በየቤታችን ስሙ መድኃኒት ነው፤ መርዝ ብለን ጠርተነው አናውቅም።

ከታች ያለው ጎረቤት ግን ከዚያው ውሃ ይቀዳል፣ ከብቱን ያጠጣል፣ ውዱእ ያደርጋል። ሐቁ አንገታችን ላይ ነው። ኢንሻአላህ ለዒድ ቤት ስንገባ መርጫውን ከጅረቱ ርቀን እንጠብ፤ እጣቢውንም እዚያው በተረጨው ማሳ ላይ እናፍስስ። ዝናብ ሲያጉረመርም አንርጭ። በጅረቱ ዳር ያለውን ሣር ሳናርስ እንተው።

አባትን ማረም ይከብዳል። ድንጋዩን አብሮ መገልበጥ ግን ይቻላል። አላህ ያግራልን።