ስለ ሀገር ፍቅር ቴአትር መጽሐፍ ስፈልግ ያገኘሁት ትምህርት

በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ጓደኞቼ በየዓመቱ ስለ ትጋት፥ ስለ ንጽሕናና ስለ መልካም ጠባይ ይጽፋሉ። እኔ ግን ዘንድሮ የምጽፈው ስለ አንድ ስሕተቴ ነው። ስሕተቱ የተሠራው በአደባባይ ስለ ሆነ እርማቱም በአደባባይ መሆን ይገባዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታሪክ ክበባችን ለወላጆች ቀን ክርክር አዘጋጀ። ርእሱም «የሀገር ፍቅር ቴአትር ለኢትዮጵያ ዘፈን ጠቀመ ወይስ መንገድ ዘጋ?» የሚል ነበር። ዕጣ ሲወጣ ለእኔ የደረሰኝ «መንገድ ዘጋ» የሚለው ወገን ነው። ቱሊ ጉሌድ ተቀምጦ ስለ አዲስ አበባ ቴአትር ቤት የሚናገር መጽሐፍ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ በስልክ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቻ ፈልጌ አገኘሁና ቁርኣን እንደሚቀራ ልጅ በቃሌ ያዝሁት።

ጽሑፉ የሚናገረው ስለ አምሃ እሸቴ ነበር። አምሃ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ሱቅ የነበረው ወጣት ነጋዴ ነው። በዚያ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ማኅበሩ የጊዜውን ወጣቶች ዘመናዊ ዘፈን በሸክላ አላወጣም። አምሃ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀዳ፤ በኢትዮጵያ ማተሚያ ስላልነበረም ሸክላውን በውጭ አገር አሳተመው። ድርጅቱ አምሃ ሪከርድስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ።

እኔም በመድረክ ላይ ቆሜ «ሀገር ፍቅር ራሱ አልበላ፥ ሌላውንም አላስበላ» ብዬ ተናገርሁ። ጭብጨባው ቀለጠ። ወገናችን አሸነፈ፤ ለእኔም አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ተሸለመልኝ።

ሽልማቴን ይዤ ስወጣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ አንድ ሽማግሌ በበሩ አጠገብ ጠሩኝ። የአንዲት ተማሪ አያት ናቸው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ በወታደርነት ኖረዋል።

«አዴር፥ ጥሩ ተናገርህ» አሉኝ። በእኛ በሶማሌዎች ልማድ ታናሹ ታላቁን፥ ታላቁም ታናሹን አዴር ብሎ ይጠራል። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጥላሁን ገሠሠ ወደ ክቡር ዘበኛ ከመሄዱ በፊት የት ይዘፍን እንደ ነበረ ታውቃለህ?»

«አላውቅም አዴር» አልኋቸው።

«በሀገር ፍቅር ነው። እኔ አዲስ አበባ ስገባ አማርኛ አላውቅም ነበር። ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ፒያሳ ወጥቼ እዚያ ቴአትር አያለሁ። መጀመሪያ ሰዎች ሲስቁ እስቅ ነበር፤ በኋላ ግን ገብቶኝ መሳቅ ጀመርሁ። አንተ ዛሬ መንገድ ዘጋ ያልኸው ቤት አማርኛ አስተማረኝ። ይህንንም በንግግርህ ውስጥ ጨምረህ ቢሆን ኖሮ እኔም አጨበጭብልህ ነበር።»

በቁጣ ቢናገሩኝ ኖሮ እከራከራቸው ነበር። በፍቅር ስለ ተናገሩኝ ግን መልስ አጣሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያሸነፍሁት እውነቱን ስለማውቅ ሳይሆን፥ የሚሰሙኝ ሰዎች ሌላውን ወገን ስለማያውቁ ነበርና።

እንግዲህ ስለዚህ ቤት ግራ ቀኙን አይቶ የጻፈ መጽሐፍ ልፈልግ ብዬ ተነሣሁ። የሶማሌ ተረት «አገር ያልዞረ ዐይን የለውም» ይላል። ቅዳሜ ጧት በሚኒባስ ተሳፍሬ ጅጅጋ ሄድሁና በመጻሕፍት መካከል ስፈልግ ዋልሁ። ያገኘሁት በቤቱ ወዳጆች የተጻፈ የምስጋና ጽሑፍ ብቻ ነው። እሱም ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ አማካይነት እንደ ተመሠረተ፥ ዓላማውም ሕዝቡን ለሚመጣው የፋሺስት ወረራ በንግግርና በዘፈን ማንቃት እንደ ነበረ፥ በወረራው ጊዜ ተዘግቶ ከነጻነት በኋላ እንደ ተከፈተ በሰፊው ይተርካል። ስለ ሸክላው መብት ግን አንዲት ቃል የለበትም። የስልኩ ጽሑፍ ስለ መዝጋት እንጂ ስለ ማስተማር አይናገርም፤ ይኸኛው ደግሞ ስለ ማስተማር እንጂ ስለ መዝጋት አይናገርም።

ሁለቱን ሳስተያይ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። አንዱ ማኅበሩ በ1927 ተመሠረተ ሲል ሌላው በ1935 ይላል። «አንዱ ውሸታም ነው» ብዬ ልፈርድ ስል የታሪክ መምህራችን ሳቁና «አንደኛው የእኛ፥ ሁለተኛው የአውሮፓ አቆጣጠር ነው» አሉኝ። ያን ጊዜም አንድ ነገር ታወሰኝ። በእኛው በሶማሌ ክልል የሚገኘው የወልወል ግጭት የተነሣው በዚያው በ1927 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው። ሙሶሊኒ ለወረራው ምክንያት ያደረገው ያን ግጭት ነበር። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ያ ማኅበር እንዲቆም ያስገደደው አደጋ የታየው በእኛ በረሃ ነው። ሀገር ፍቅር የሩቅ ሰዎች ታሪክ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሥሩ እኛም ዘንድ ነበረ።

ከዚህ በኋላ አዲስ አበባ የሚማረው ያጎቴ ልጅ ከመጻሕፍት ላይ ገጾችን በስልኩ እያነሣ ይልክልኝ ጀመር። አንደኛው የፈረንሳዊው የፍራንሲስ ፋልሴቶ መጽሐፍ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 አዲስ አበባ የታተመ፥ በፎቶግራፍ የተሞላ የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ነው። ይህ ሰው «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ ሥራ የአምሃን ሸክላዎች እንደገና አሳትሞ ለዓለም ያሰማ ነው፤ ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን የሸክላ ወዳጅ ስለ ሆነ ታሪኩን በሸክላ በኩል ያያል። ሁለተኛው ጄን ፕላስቶ የተባለች እንግሊዛዊት በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመችው ነው። እሷ የኢትዮጵያን፥ የታንዛንያንና የዚምባብዌን ቴአትር ከመንግሥታቱ ፖለቲካ ጋር እያመዛዘነች ትመረምራለች። የቤቱ ሠራተኛም ሆነ የሸክላ ነጋዴ አይደለችም፤ ሆኖም ዋና ጉዳይዋ ቴአትር እንጂ ዘፈን አይደለም።

ሁሉን በእኩል የያዘ አንድ መጽሐፍ ስፈልግ ሰንብቼ፥ በመጨረሻ የተገለጠልኝ ሚዛን ሁለት ሳሕን እንዳለው ነው። አንዱ መጽሐፍ በአንደኛው ሳሕን፥ ሌላው በሁለተኛው ይቀመጣል፤ ሚዛኑን መያዝ የአንባቢው ሥራ ነው።

እንዲህ ሳመዛዝን የንግግሬ ትልቁ ጉድለት ታየኝ። እኔ ያልሁት ሀገር ፍቅር መንገድ ዘጋ ነው። ነገር ግን የአምሃን ሥራ ያስቆመው ሀገር ፍቅር አልነበረም። አምሃ ትእዛዙን ጥሶ ሸክላ እያወጣ ለዓመታት ሠርቷል። ሥራው የተቋረጠው አብዮቱ ከፈነዳና ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው፤ ሰዓት እላፊ ታወጀና የከተማው የሌሊት ሙዚቃ ዝም አለ፤ አምሃም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። ሀገር ፍቅር የያዘው መብት ለወጣቶቹ ዘፈን እንቅፋት ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ያው ቤት ስንቱን ዘፋኝና ተዋናይ አሳድጎ ለሕዝብ ሰጠ፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

ስለዚህ፥ ተማሪ ጓደኞቼ ሆይ፥ ስለ አንድ ድርጅት ታሪክ ስታነቡ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ። መጀመሪያ፥ ጸሐፊው ማን ነው? ደመወዙን የሚከፍለው ወይም የሚወደው ማን ነው? ለራሱ የሚመሰክር ምስክር ዋጋው ትንሽ ነው፤ የጠላት ምስክርም እንደዚሁ። ሁለተኛ፥ ጥፋትና ልማቱን ሁለቱንም ጽፏልን? ሦስተኛ፥ ቀኖቹ ከሌላ መጽሐፍ ጋር ይስማማሉን? ባይስማሙ ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ የዘመን አቆጣጠሩን እዩ። አራተኛ፥ ያልተነገረለት ማን ነው?

በዚህ በአራተኛው ጥያቄ ላይ ጥቂት ልጨምር። ባነበብኋቸው ገጾች ውስጥ አማርኛን ከሀገር ፍቅር መድረክ የተማረ አንድ ሶማሌ ወታደር የለም። የጎረቤቶቻችን የሃርጌሳ ሰዎች የዚህን ነገር ክብደት ያውቃሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከተማቸውን ሲደበድቡ፥ የራዲዮ ሃርጌሳን የዘፈን ክሮች ከጥፋት ለማዳን አውጥተው ደበቁ፤ ከፊሉንም በመሬት ውስጥ ቀበሩት። ዛሬ ዓለም የሚሰማቸው ብዙ የሶማሌ ዘፈኖች የተረፉት በዚያ ትጋት ነው። ክር በመሬት ውስጥ ተቀብሮ ሊተርፍ ይችላል፤ ሰው ግን ሲቀበር የሚያውቀው አብሮት ይቀበራል።

በሚቀጥለው የክበባችን ስብሰባ ተነሥቼ ጥፋቴን ተናገርሁ፤ ሽልማቱንም ልመልስ አልሁ። መምህራችን «እስክሪብቶውን ያዘው፤ ደብተሩ ግን ባዶውን እንዳይቀመጥ» አሉኝ። እኔም በማግሥቱ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄጄ የግመል ወተት ያቀረቡልኝን እየጠጣሁ የሚያስታውሱትን ሁሉ ስጽፍ አመሸሁ። አሁን ደብተሩ እስከ ግማሹ ሞልቷል። እናንተም በየሰፈራችሁ እንዲህ ያሉ አዴሮች አሉና ሳይመሽ ሄዳችሁ ጠይቁ።