ለአጥንቷ ወተት ስጧት?

እናቴን ስኳር ከያዛት 20 ዓመት አልፏል። ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ ደግሞ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 4 ሰዓት እጥበት ላይ ናት። ዘንድሮ ወገቧንና እግሯን ያማት ጀመር። ጠያቂ የመጣ ሁሉ ምክሩ አንድ ሆነ፦ «አጥንቷ ሳስቷል፤ ወተት ስጧት፣ የካልሲየም ኪኒን ግዙላት።» አክስቴ እንዲያውም ኪኒኑን ይዛ መጣች። እኛም ሐኪሟን ሳንጠይቅ አንጀምርም አልን።

ሐኪሙ ከአንገት ጀመረልን። ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ፓራታይሮይድ የሚባሉ 4 ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ካልሲየም በደም ውስጥ ሲያንስ በሆርሞናቸው አማካይነት ከአጥንት ያስወጣሉ። ኩላሊት ሲደክም ፎስፌት ይከማቻል፤ ቫይታሚን ዲን ወደሚሠራበት መልክ የሚቀይረውም ኩላሊት ስለሆነ ካልሲየም ይወርዳል። ስለዚህ የብዙ እጥበት ታካሚዎች ዕጢዎች ከልክ በላይ ይሠራሉ፤ አጥንትም ይጎዳል።

ስኳር ባለበት ታካሚ ግን ሆርሞኑ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ዝቅ ይላል። «ታዲያ ዝቅ ማለቱ ምን ይጎዳል?» አልነው።

አጥንት እንደ ቤት እድሳት ይፈልጋል፤ አሮጌው እየፈረሰ አዲሱ ይተካል። ሆርሞኑ ሲያንስ እድሳቱ ይዳከማል፤ አጥንቱም በቀላሉ ይሰበራል። የእናቴ ውጤት በጤነኛ ሰው ልክ ነበር። ለእጥበት ታካሚ ግን የሚመከረው ከጤነኛው ከፍተኛ ልክ ከ2 እስከ 9 እጥፍ ነው። ካልሲየም ቢጨመርላት ዕጢዎቹ ይበልጥ ይተኛሉ፤ አጥንት ያልተቀበለው ካልሲየም ደግሞ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ወተቱም ቢሆን ፎስፌት አለው።

የአክስቴ ኪኒን ሳይከፈት ቀረ። ፎስፌት እንዲቀንስላት ከምግብ ጋር የምትወስደው መድኃኒትም ካልሲየም ስላለበት፣ ሐኪሙ መጠኑን ዝቅ አደረገላት። የሌላው ታካሚ ዕጢ ከልክ በላይ የሚሠራ ከሆነ ግን ሕክምናው ሌላ ነው፤ የእናቴ መድኃኒት ለእሱ አይሆንም።

እናት ወይም አባት እጥበት ላይ ያላችሁ፣ የካልሲየም፣ የፎስፌትና የፓራታይሮይድ ሆርሞን ውጤቶችን በአንድ ደብተር መዝግቡ፤ ቁጥሩ ከፍ ወይም ዝቅ እያለ መሆኑን ሐኪሙን ጠይቁ። በእጥበቱ ወጪ ላይ የምርመራ ዋጋ ሲደመር እንደሚከብድ እኛም እናውቀዋለን። የዳሌ ስብራት ግን ከዚያ በላይ ይከብዳል።