መብራቱ እግረኛውን ያየዋል ወይ?

«ቲቸር፣ ናሙና የሚባለው ነገር ፈተና ላይ ከመምጣት ውጪ ምን ይሠራል?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ ዛሬ የትራፊክ መብራት ምሳሌ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ብቸናና ሞጣ መብራት የት አለና እንዳትሉኝ፤ ብዙዎቻችሁ አሁን አዲስ አበባና ባሕር ዳር ናችሁ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በወዲያ በኩል አንድም መኪና ሳይኖር አረንጓዴው በርቶ ይቆያል፣ በዚህ በኩል ሰልፉ ተራዝሞ ቀዩ አይለቅም። መጨረሻ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ መሀል ገብቶ በእጁ ያስተናግዳል። መብራቱ ሰዓቱ አንዴ ከተሞላለት መንገዱን አያይም፣ ፖሊሱ ግን ያያል። ሰዓቱን ለማስተካከል መንገድ ዳር ቆሞ የሚቆጥር ሰው ወይም አስፋልት ውስጥ የሚቀበር መቁጠሪያ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ገንዘብ ነው።

አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ በርሚንግሃም የምትባል ትንሽ ከተማ አለች (የእንግሊዟ አይደለችም)። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች በየጥቂት ሴኮንዱ የሚልኩትን ቦታና ፍጥነት ወስደው እዚያ ያሉ የ34 መብራቶችን ሰዓት አስተካከሉ። መረጃ የሚልኩት ከመኪኖቹ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው እኮ! እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት መዘግየት እስከ 20 በመቶ፣ መብራት ላይ መቆም እስከ 30 በመቶ ቀንሷል። አንድ መኪና የት ቆሞ መቼ እንደተነሳ ካወቅን፣ ከፊቱ ስንት እንደተሰለፈ መገመት እንችላለን። የብዙ ቀን መረጃ ሲደመር ደግሞ ግምቱ ይጠራል። ናሙና ማለት ይኼው ነው።

እኛም ጋ ጥሬ ዕቃው አለ። ራይድም ፈረስም የሚሠሩት የሾፌሩ ስልክ ቦታውን እየላከ ነው።

ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። 6 በመቶው የበቃው የቀሩትም መኪኖች እዚያው ሰልፍ ውስጥ ስለሆኑ ነው። እግረኛውስ? አዲስ አበባ ላይ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው፤ እሱ ግን ናሙናው ውስጥ የለም። የመኪና መቆምን ለመቀነስ ብቻ ሰዓቱን የሞላ ሰው የእግረኛውን አረንጓዴ ቢያሳጥር፣ ስሌቱ «ተሻሻለ» ነው የሚለው። ከሞጣ ለሕክምና የሄዱ እማማ ከዘራቸውን ይዘው መሀል አስፋልት ቢቀሩ ማን ይቆጥራቸዋል?

ሶፍትዌር የምታጠኑ ልጆቼ ይህን በደንብ አስቡበት። ሌሎቻችሁ ደግሞ በየቀኑ የምታቋርጡት መብራት ለእግረኛ ስንት ሴኮንድ እንደሚሰጥ ቆጥራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የመንገዱን ስፋትም በእርምጃ ለኩልኝ፤ ለ11ኛ ክፍሎች ጥያቄ አወጣበታለሁ።