ስለ እጅ ሰዓት መስተዋት

በእጅ ሰዓት ፊት ላይ ያለውን ክዳን ሁላችንም «መስተዋት» እንለዋለን እንጂ ሁሉ መስተዋት አይደለም። ከተራው መስተዋት ሌላ ከፕላስቲክ ወገን የሆነ አክሪሊክ አለ፤ ሰንፔርም አለ። ይህ ሰንፔር ከመሬት ተቈፍሮ የወጣ እንዳይመስላችሁ፤ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በብርቱ እሳት ቀልጦ በፋብሪካ የሚሠራ ነው። ቬርነይ የተባለው የፈረንሳይ ኬሚስት የዚህን ዓይነት ዘዴ በ1902 እ.ኤ.አ. አስታወቀ።

የማዕድን ጥንካሬ በሞስ መለኪያ ሲቈጠር አልማዝ 10፥ ሰንፔር 9፥ መስተዋት ከ5 እስከ 6 ገደማ ነው። በአቧራ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ 7 ስለ ሆነ መስተዋቱን ይጭረዋል፤ ሰንፔሩን ግን አይደፍረውም። አክሪሊክማ ከሁሉም ለስላሳ ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጣራችን ስለሚያፈስ እናቴ የአያቴን ኦሜጋ ሰዓት ልትሸጥ አንድ ነጋዴ ዘንድ ወስዳው ነበር። እርሱም ጭረቱን አይቶ «ይህማ ፕላስቲክ ነው፤ የውሸት ነው» ብሎ የማይረባ ዋጋ ጠራላት። ፍርዱ ትክክል አይደለም። ኦሜጋ ራሱ ለብዙ ዓመታት አክሪሊክ ይገጥም ነበር፤ በ1969 እ.ኤ.አ. አልድሪን በጨረቃ ላይ ሲራመድ ያሰረው ስፒድማስተር ክዳኑ አክሪሊክ ነበር። አክሪሊክ ቢመታ ይሰነጠቅ ይሆናል እንጂ እንደ መስተዋት ደቅቆ አይበተንም፤ በመንኰራኵር ውስጥ የሚንሳፈፍ ስብርባሪ ደግሞ ለዓይንም ለሳንባም አደጋ ነው።

የተሰወረ ምልክትም አለ። በብዙዎቹ የኦሜጋ አክሪሊክ ክዳኖች መካከል የፋብሪካው ምልክት፥ ማለት የግሪኩ የመጨረሻ ፊደል፥ እጅግ ደቅቆ ይገኛል። ሮሌክስም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሰንፔሩ ላይ፥ ከ6 ቍጥር አጠገብ፥ ትንሽ ዘውድ በሌዘር ይቀርጻል። እኔም ከአጎቴ አጉሊ መነጽር ተውሼ ሰዓቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበልሁት፤ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ፊደሉ በጭረቶቹ መካከል እንደ ትቢያ ታየኝ። እናቴን ጠርቼ ባሳያት «እኔ ጭረት ብቻ ነው የማየው» አለችኝ።

ይሁን እንጂ ምልክቱ የሚመሰክረው ለክዳኑ ብቻ ነው። የፋብሪካው ክዳን በውሸት ሰዓት ላይ ሊገጠም ይችላል፤ በእውነተኛውም ላይ ሰዓት ሠሪ ምልክት የሌለው ተለዋጭ ሊያደርግበት ይችላል። አስመሳዮችም ቢሆኑ ዘውዱን መቅረጽ አላቃታቸውም። ስለዚህ ከመሸጡ በፊት የጀርባው ክዳን ተከፍቶ ውስጡ እንዲታይ ለእናቴ ነገርኋት፤ እርስዋም ተስማማች። አክሪሊክ ሲያሹት ጭረቱ ስለሚለቅ፥ እኔ በጥርስ ሳሙና ላጠራው አስቤ ነበር። እናቴ ግን «የአባቴ እጅ ያረፈበት ነው፤ እስኪሸጥ ድረስ አትንካው» ስላለችኝ ተውሁት።